ከገበያው ጀርባ የከፈትነው መንገድ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "አሁን ምን እየሠራሽ ነው?" ብሎ ነው። ምንም። ጠዋት ወጥቼ በእግሬ እንሸራሸራለሁ። አጥሩን ወደ መንገድ የገፋ ሰው አያለሁ፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ሕጉ ወደ ውስጥ እያለ የግቢውን በር ወደ ውጭ የሚከፍት አያለሁ፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። አይቶ ማለፍ እንዲህ የሚያስደስት መሆኑን ባውቅ ኖሮ ገና በወጣትነቴ ጡረታ እወጣ ነበር።

የቆቦ ከተማ መዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነበርኩ። መንገድ የት እንደሚያልፍ፣ ቦይ የት እንደሚቆፈር፣ የማን አጥር የት ላይ እንደሚቆም ካስማ እየተከልኩ የማሳይ ሰው ማለት ነው። ከተማ ሲያድግ ከሁሉ በፊት የሚረገመው ቀያሽ ነው፤ እኔም በሚገባ ተረግሜያለሁ። የምጽፈው ግን ስለ እርግማኑ አይደለም። ከገበያው ጀርባ ስለከፈትነው አንድ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ የተነሳ ሰው ይሞታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ስላልሞተ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ በሰላም የምጽፈው።

የተወለድኩት ደብረ ታቦር ነው፤ ብርድ የለመድኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ምደባዬ ቆቦ መሆኑን ስትሰማ እናቴ "ልጄን በረሃ ጣሏት" ብላ አለቀሰች። ቆቦ በረሃ አይደለችም፣ ግን ከአውቶቡስ ስወርድ የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተብኝ ነው የመሰለኝ። ከተማው ያኔ አንድ አስፋልት ነበር። ሱቁም ሻይ ቤቱም ሰዉም አስፋልቱን ተጠግቶ ይኖራል፤ ከጀርባ ያለው ቁልቋል አጥር፣ ጭቃ ቤትና ጉራንጉር ነው። በገበያ ቀን ከአፋር በኩል የሚመጣው ግመል ሲጨመርበት ሜትር መዘርጋት ቀርቶ መቆሚያ አይገኝም ነበር። ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም። አሁን ከየጉራንጉሩ እየተወረወረ ሲወጣ ሳይ፣ ለዚህ ሁሉ ማዞሪያ ያሰመርነው እኛ መሆናችን አንዳንዴ ያኮራኛል፣ አንዳንዴ ያናድደኛል።

ስለ ደመወዙ አላወራም፤ እሱም ስለ ራሱ ብዙ የሚያወራው አልነበረውም። አለቆቼም ብዙ ነበሩ። አንዱ ሪቫን መቁረጥ ይወዳል፣ ሌላው ሪፖርት ይወዳል፣ አንዱ ደግሞ ከፀሐይ እስከተከለለ ድረስ ሁሉንም ይወዳል። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን የቅየሳ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ የቆቦ ተወላጅ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁላችንም ጋሽ ሁሴን የምንላቸው።

ጋሽ ሁሴን ዘንድ መሣሪያ ይዞ ሰተት ብሎ ሰፈር መግባት ነውር ነው። አንድ ቦታ ስንደርስ መሣሪያውን ጥላ ሥር ያስቀምጡና የመጀመሪያውን በር አንኳኩተው ውሃ ይለምናሉ። ጠምቷቸው አይደለም፤ ኮዳቸው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። "አሰላሙ ዓለይኩም! ቤቶች እንደት ዋላችሁ? ዝናቡስ? ማሽላውስ እንደት ነው?" እያሉ ሰላምታውን ያስረዝሙታል። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ እበስላለሁ። ከዚያ ቤት ሲወጡ ግን የአጥሩን ጠብ፣ የውርሱን ክርክር፣ የቱ ጋ መቃብር እንዳለ፣ የቱ ጋ በክረምት ጎርፍ እንደሚገባ ሁሉን ይዘው ይወጣሉ።

ሌላው ልማዳቸው ኖራው ነበር። ሲባጎ ዘርግተን የመንገዱን መስመር በኖራ እናሰምራለን፤ ግሬደር ግን አይጠራም። "ገበያ ይለፍበት" ይላሉ። የገበያው ቀን ሲደርስ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሰዉን እናያለን። ማን ረግጦት እንደሚያልፍ፣ አህያ የት እንደሚታሰር፣ እህል ሻጮቹ ከመስመሩ በየት በኩል እንደሚቀመጡ። "ረግጦት የሚሄደው አያሳስብሽ" ይሉኝ ነበር። "ዞሮ የሚሄደውን እይልኝ።" ትምህርት ቤት ይህን ያስተማረኝ ሰው ስላልነበረ መጀመሪያ ላይ ሥራ መፍታት መስሎኝ ነበር።

አጠገባችን ወዳለችው ጎብዬ ከተማ ለትብብር ተልከን በሠራንበት ጊዜ ግን የሳቸው ቅየሳ ከሰው እንደሚጀምር ገባኝ። አንድ ሻይ ቤት በረንዳውን ወደ መንገዱ አስገብቶ ሠርቷል። ባለቤቱ መሣሪያውን ሲያይ ዱላ አነሳ። ጋሽ ሁሴን ዱላውን እንዳላዩ ገብተው ሻይ አዘዙ፣ ሻዩን አደነቁ፣ ሁለተኛ አዘዙ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን የጭነት መኪና እያዩ፣ "ወንድሜ፣ ይህ መኪና አንድ ቀን ሻይህን ሊጠጣ በረንዳህ ላይ ይወጣል" አሉት። ሰውዬው ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ስንሄድ በረንዳውን ራሱ አፍርሶ ጠበቀን፤ ሻዩንም ጋበዘን።

ጋሽ ሁሴን ሲባጎ የማይዘረጉበት አንድ ሰፈር ግን ነበር። ከገበያው ጀርባ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ጠማማ ጉራንጉሮች አሉ። በመሐላቸው የጓሮ አጥር ብቻ ነው ያለው። አጥሩ ቢነሳ አንድ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ወጥቶት ገበያውን ከጤና ጣቢያው ያገናኛል። ይህን ለማየት ቀያሽ መሆን አያስፈልግም።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለምን አንከፍትም?" አልኳቸው።

"ተይው።"

"ለምን?"

"ተይው አልኩሽ፣ ልጄ። ዛሬ ሙቀቱ በርትቷል።"

ቆቦ ላይ ሙቀቱ ያልበረታበትን ቀን ስጠብቅ እሳቸው ጡረታ ወጡ።

በመሐሉ ጦርነት መጥቶ ሄደ። ስለሱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ እኔ ካስማዎቼ ተነቅለው ማገዶ መሆናቸውን ብቻ ልናገር። ነገሩ ረገብ ሲል ከተማውን እናድሳለን ተባለ። አዲስ ፕላን የሚሠሩ ባለሙያዎች ከሌላ ከተማ መጡና ገና በመጀመሪያው ቀን በእነዚያ ሁለት ጉራንጉሮች መሐል ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። እኔ ለዘመናት ያየሁትን እነሱ በአንድ ጠዋት አዩት።

ነዋሪው ተሰብስቦ ተወያየ። አንዱ ጉራንጉር የአንድ ቀጠና፣ ሌላው የሌላ ቀጠና ስለሆነ ስብሰባው ለየብቻ ነበር። በሁለቱም ስብሰባ ላይ ሰው "መንገድ ማን ይጠላል፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ እጁን አወጣ። ኖራው እንደተሰመረ ገበያ ይለፍበት ብዬ ጠየቅኩ። ሪቫን የሚወደው አለቃችን ነበር ያኔ፤ "በጀቱ እኮ ከሰኔ አያልፍም" አለኝ። ግሬደሩ በማግስቱ ገባ። የጓሮ አጥር ተነሳ፣ ገረጋንቲ ፈሰሰ፣ ሮለር ተመላለሰ። እውነቱን ለመናገር አምሮበት ነበር። ሪቫኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ።

ከዚያ ማንም አልሄደበትም።

በገበያ ቀን እንኳ ሰዉ ጭነቱን ተሸክሞ በዚያው በጠማማው ጉራንጉር ይጋፋል። በአዲሱ መንገድ ላይ ፍየል ተኝቶበታል። ባጃጆች አፉ ላይ ደርሰው ይዞራሉ። አለቃችን "ይህ ሕዝብ ምን ሆኗል?" ይላል። እኔም ጎረቤቱን እየዞርኩ ጠየቅኩ። አንዷ "እንጃ፣ እታለም፣ የድሮው ለምዶብን ነው" አለችኝ። ሌላው "ፀሐይ አለው" አለኝ። ሌላው መሬት መሬት አየ።

አንድ ነገር ግን አየሁ። የጓሮ አጥሮቹ ሲነሱ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት መጥተዋል። በምሥራቅ በኩል የእትዬ ጦይባ ቤት ነው፤ ልጇ ኑሩ ብረት በያጅ ስለሆነ ወዲያው የብረት በር ሠርቶ ሥራውን ወደ አዲሱ መንገድ አዙሯል። በምዕራብ በኩል የአብዬ ይማም ቤት ነው። እነሱ ደግሞ አጥሩ የተነሳበትን ቦታ በቆርቆሮ ቸንክረው ዘግተውታል፤ የድሮ መውጫቸውን አዲሱ መንገድ ስለወሰደው፣ ሲወጡም ሲገቡም በጎረቤት ግቢ ሾልከው ነው። መንገድ ደጃፉ ድረስ የመጣለት ሰው ለምን ይቸነክራል?

ጋሽ ሁሴን ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። መንገዱን ስነግራቸው ሬዲዮኑን ዘጉት።

"ከፈታችሁት?"

"ከፈትነው።"

"በሁለቱ ቤት መሐል ደም አለ፣ ልጄ" አሉ። "የጦይባን የበኩር ልጅ የገደለው የይማም ልጅ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው እርሻ ላይ፣ ማሳ የሚያጠጡበትን የጎርፍ ውሃ ተራ ሲጠባበቁ ተጣልተው። ገዳዩ ታስሮ ወጣ፤ አፋር በኩል ነው ይሉታል፣ አገሩን አይረግጥም። ወገኑ ግን እዚሁ ነው። እርቅ ሳይወርድ የገዳይ ወገን በሟች እናት ፊት አያልፍም። ነውርም ነው፣ አደጋም ነው። እና እነይማም በወዲያ፣ እነጦይባ በወዲህ ይሄዱ ነበር። ሰፈሩም እያየ አብሯቸው ይዞር ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እንደት አርጌ? እርቅ ያልወረደበት ደም እንደዋዛ አይነሳም። ያነሳው ሰው እንደ ቆሰቆሰ ነው የሚቆጠር። በስብሰባችሁስ ማን ተናገረ?" ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። "እኔም ጦይባና ይማም በዕድሜ ሲያልፉ ነገሩም አብሯቸው ያልፋል ብዬ ነው የጠበቅሁ።"

"ኑሩስ?" አልኩ።

"ኑሩ ያኔ ሕፃን ነበር። አሁን ጎልምሷል። ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ወንድምህ እንደት ሁኖ ቀረ ሳይሉት የሚሉት ብዙ ናቸው።"

አንድ ቀን ከይማም ቤት አንዱ ተሳስቶ ይወጣል፣ ኑሩ ብረት ይዞ ይነሳል፣ ደሙም እኔ በተከልኩት ካስማ ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም። አለቃችን ጋ ገብቼ አጥሩን መልሰን እንጠር አልኩት። "ሪቫን የተቆረጠበትን መንገድ ልዝጋ?" አለኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ነው።

ሌላ ሲያቅተኝ ቦይ እለካለሁ እያልኩ በየቀኑ መንገዱ ላይ መዋል ጀመርኩ። ምን ማዳን እንደምችል አላውቅም። ሰው ባለበት አይደፍሩም ብዬ ይሆናል። ኑሩ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየሰቀለ፣ "እትዬ ዘውዴ፣ ይህ ቦይ አድጎልሽ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው እኮ" ይለኛል። ጨዋ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ሲስቅ ይበልጥ እፈራ ነበር። ከማዶ ያለውን ቆርቆሮ ግን አንድም ቀን ሲያየው አላየሁም።

አንድ ጠዋት ከይማም ቤት ጩኸት ተሰማ። የአብዬ ይማም ልጅ ዘምዘም በጎረቤት ግቢ ሾልካ ጠማማው ጉራንጉር ላይ ወጣችና "አባዬ ትንፋሽ አጠረው! ድረሱልን!" እያለች ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ። ሽማግሌውን በዚያ በጎረቤት ሽንቁር ማውጣት አልተቻለም፤ አንድ ሰው እንኳ ጎኑን አዙሮ ነው የሚያልፍበት። ባጃጅ የሚደርሰው በአዲሱ መንገድ ብቻ ነው። ባጃጁ መጣ፣ የመንገዱ አፍ ላይ ደረሰና ቆመ። ሹፌሩ ወረደ፤ አንገቱን ደፋ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

ሰዎች በግቢው ውስጥ ሆነው ቆርቆሮውን መነቅነቅ ጀመሩና ተዉት። ኑሩ ብየዳውን አቋርጦ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። የያዘውን ብረት ግን አላስቀመጠም። እትዬ ጦይባ ከቤቷ ወጥታ የብረቱ በር ላይ ቆመች። ዘምዘም ቆርቆሮው በተላቀቀበት በኩል ብቅ ብላ እሷን ስታይ፣ እሳት እንደነካት ወደ ኋላ ተመለሰች። እኔ ሜትሬን ይዤ መሐል መንገድ ላይ ነኝ።

እትዬ ጦይባ ቆርቆሮውን አየችው። ከውስጥ የሽማግሌው የትንፋሽ ሲርታ ይሰማል።

"ኑሩ" አለች። "ና ግባ።"

ኑሩ አልተነቃነቀም።

"ግባ አልኩህ፣ ልጄ። ብረቱን አስቀምጥና ግባ።"

ብረቱን መሬት ላይ ጣለው። ገባ። እሷም ተከትላው ገብታ የበሩን ሁለት ክንፍ ዘጋች፤ መወርወሪያው ሲገባ ተሰማኝ። ከዚያ ከበሩ ውስጥ ሆና ጮክ ብላ ተናገረች።

"ቀያሿ! ሽማግሌውን ያውጡት በያቸው! እኔ የለሁም!"

ለባጃጁ እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም። ቆርቆሮው ተገነጠለ። አብዬ ይማምን በጋቢ አቅፈው አወጡት። በጦይባ በር ፊት ሲያልፍ፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ አጥሮት፣ እጁን አውጥቶ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። በሟች እናት ደጅ ፊቱን ገልጦ ላለማለፍ ነው። በሩ ዝግ መሆኑን እያወቀ። ባጃጁ ወደ ጤና ጣቢያው በረረ፤ እኔ ቦይ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሽማግሌው ተረፈ። ጋሽ ሁሴን ይህን ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ። "ለማሳለፍ ብላ ነው የዘጋች" አሉ። "ከዚህ በላይ ምን ትበል? በይ ከዘራዬን አቀብይኝ።" ሼሆቹንም ቄሶቹንም ይዘው እርቅ ሊለምኑ ጦይባ ደጅ መሬት ላይ ተቀመጡ። መለሰቻቸው። ደግመው ሄዱ፤ መለሰቻቸው። ገበያ አልፎ ገበያ መጣ። ቀያሽነታቸውን እዚያም አልተዉትም፤ ሲመለሱ "ዛሬ እስከ ደረጃው አስጠጋችን" ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ "ለአላህ ብዬ" አለች።

ገዳዩ ከአፋር በኩል መጣ። በዚያው በአዲሱ መንገድ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ። ሽማግሌዎቹ ከፊትም ከኋላም ናቸው። እኔ ከመንገዱ ጫፍ ካለው ድልድይ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት፤ መጠጋት አልቻልኩም። ኑሩ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሰውዬው ተራመደ። ደረሰ። ሁለት እጁን አነሳ። ድንጋዩን ከሰውዬው አንገት አንስቶ አጠገቡ መሬት ላይ አስቀመጠው። ዱዓው ሲጀመር ከአጠገቤ የነበሩት አንዲት ሴትዮ ትከሻዬን ይዘው "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ሲሉኝ ነው ድምፄን አውጥቼ እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ ብታዩት! አህያው፣ ባጃጁ፣ ቲማቲም ሻጩ፣ ሁሉም እዚያው ነው። መሄጃ የለውም። አሁን ደግሞ ይስፋልን የሚል አቤቱታ ቀርቧል አሉ፤ እሱን የሚያሰምር ሌላ ቀያሽ ነው።

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ መሥሪያ ቤቱ በሽኝት አመሰገነኝ፤ ስጦታዬን ይዤ ወደ ቤቴ ስሄድ በዚያው መንገድ አለፍኩ። ኑሩ ከቤቱ ፊት የለም። ወደ ማዶ ብመለከት የይማም ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ቆርቆሮው ተነስቷል፤ በቦታው አዲስ የብረት በር እያቆመ ነው። አብዬ ይማም ጥላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ዘንበል ብሏል፣ ቀና አድርገው እያለ ያዝዘዋል። ኑሩም እሺ እሺ ይላል።

"እትዬ ዘውዴ፣ ደግ መጣሽ" አለኝ። "ይህ በር ወደ ውጭ ይከፈት ወይስ ወደ ውስጥ?"

ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ጉዳይ ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ።

"ወደ ውስጥ ነዋ" አልኩት። "ሕጉ ነው።"

"እናቴም እንደዛ ነው ያለችኝ" አለ፣ መነጽሩን ወደ ዓይኑ እያወረደ። "ለአብዬ ምግብ ይዤ ስመጣ እጄ ሙሉ ነው፣ በትከሻዬ ገፍቼ እንድገባ አርገህ ሥራው አለችኝ።"